ስለ ቴሌቪዥኑ ትንሽ ዕቃ ለአባቴ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ደህና ነኝ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአንድ ካርቶን ውስጥ የሚያገኙት፣ ከአውራ ጣት ጥቂት የሚበልጠው ጥቁር ዕቃ፣ ከቴሌቪዥንዎ ጀርባ ተሰክቶ ፊልምና ልዩ ልዩ ዝግጅት ከኢንተርኔት የሚያመጣ ነው። አሰካኩን በስልክ ልነግርዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን በአንድ እጅ ስልክ፣ በሌላው ገመድ ይዞ ከቴሌቪዥን ጀርባ መጎንበስ ለማንም ስለማይመች፣ በወረቀት ባሰፍረው ቀስ ብለው እያነበቡ ይሠሩታል ብዬ ይህን ጻፍሁ።

ባለፈው ያመጣሁልዎ ዕቃ እንዴት እንዳሳፈረኝ አልረሳሁም። ያኛው የራሱ ሪሞት ስላልነበረው የሚታዘዘው በስልክ ብቻ ነበር፤ ሁሉን ያስተካከልሁትም በገዛ ስልኬ ነበር። እኔ ቤት በሰነበትሁበት ጊዜ ያለ እንከን ሠራ፤ ስልኬን ይዤ ስሄድ ግን ለእርስዎ የቀረልዎ ተራራና ሐይቅ የሚያፈራርቅ ሥዕል ብቻ ሆነ። ስደውልልዎ «ሥዕሉ ደስ ይላል» ብለው ያለፉኝን እንደ ምስጋና ተቀብዬው ነበር፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥዕሉ በቀር ምንም እንዳላዩ የተረዳሁት በኋላ ነው። ስለዚህ አሁን ስገዛ፣ ገና ከምስሉ ጥራት በፊት የጠየቅሁት የራሱ ሪሞት ያለው መሆኑን ነው፤ በቴሌቪዥንዎ ላይ ማዘዝ ያለብዎት እርስዎ እንጂ የእኔ ስልክ አይደለም።

በቅድሚያ፣ ሳይነግሩኝ የማውቀውን አንድ ስጋትዎን ላንሣ። ይህ ዕቃ አሁን የሚከታተሏቸውን ቻናሎች አይነካም። የነበረው ገመድ ሁሉ እንደነበረ ይቆያል፤ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ከፈለጉም በቴሌቪዥኑ ሪሞት ምርጫውን መቀየር ብቻ ይበቃል።

በቴሌቪዥኑ ጀርባ ወይም ጎን ኤችዲኤምአይ የሚባሉ፣ ጠፍጠፍ ብለው ወደ ታች ጠበብ የሚሉ ቀዳዳዎች አሉ፤ በየአንዳንዳቸው አጠገብም ቁጥር ተጽፏል። ባዶውን ይፈልጉና ቁጥሩን በፕላስተር ላይ ጽፈው በቴሌቪዥኑ ሪሞት ጀርባ ይለጥፉት፤ በኋላ ይፈለጋል። ዕቃውን ግን በቀጥታ ከቀዳዳው አይሰኩት፤ በካርቶኑ ውስጥ ካለችው አጭር ማራዘሚያ ገመድ ጋር አገናኝተው ማራዘሚያዋን ይሰኩ። ትርፍ ነገር መስላ እንዳትጣል አደራ። የቴሌቪዥን ጀርባ ብረት ስለሚበዛበት ዕቃው ከሱ ጋር ሲጣበቅ የዋይፋዩን ሞገድ በደንብ አይቀበልም፤ ሙቀቱም ይበረታበታል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው፣ ክሮምካስት የተባለው የዚህ ዓይነት ዕቃ የመጀመሪያው እንኳ እንዲህ ያለች ማራዘሚያ ከካርቶኑ ውስጥ ነበረችው።

ቀጥሎ የኤሌክትሪኩ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ኤችዲኤምአይ 19 ትንንሽ መገናኛዎች ያሉት ቢሆንም የተሠራው ምስልና ድምፅ ለማስተላለፍ ነው፤ ዕቃውን ሊያሠራ የሚበቃ ኃይል አይሰጥም። ፍላሽ የሚሰኩበት የዩኤስቢ ቀዳዳም ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ማለትም ግማሽ አምፔር ሲሆን፣ የዚህ ዕቃ ቻርጀር ግን 1 አምፔር ማለትም እጥፉን ይሰጣል። ከፍላሹ ቀዳዳ ቢሰኩት ይበራ ይሆናል፤ ነገር ግን ፊልሙ መሐል ሲደርስ ድንገት ጠፍቶ እንደ አዲስ ይነሣል፣ እርስዎም ዕቃው የተበላሸ ይመስልዎታል። ስለዚህ ገመዱን ከራሱ ቻርጀር ጋር አገናኝተው ከግድግዳው ሶኬት ይሰኩት። ሶኬቱ ራቅ ያለ ከሆነ ማከፋፈያ ይጠቀሙ እንጂ ገመዱን ወጥረው አያስቀምጡት።

ከዚህ በኋላ በቴሌቪዥኑ ሪሞት ላይ ምንጭ የሚመርጡበትን፣ ሶርስ ወይም ኢንፑት የሚባለውን ቁልፍ ይጫኑና በፕላስተሩ ላይ የጻፉትን ቁጥር ይምረጡ። በአዲሱ ሪሞት ሁለቱን ባትሪዎች ይክተቱ። ይህ ሪሞት ከዕቃው ጋር የሚነጋገረው በብሉቱዝ ስለሆነ ወደ ቴሌቪዥኑ ማነጣጠር አያስፈልግም፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነውም ይታዘዝልዎታል። ድምፅ መጨመሪያውና ማጥፊያው ግን በዓይን በማይታይ ብርሃን ስለሚሠሩ እነሱን ሲጫኑ ወደ ቴሌቪዥኑ ያቅኑት።

ዕቃውን ከመላኬ በፊት እዚህ ከእኔ ቴሌቪዥን ሰክቼ ቋንቋውን፣ የመግቢያ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ሁሉ ጨርሻለሁ፤ ለእርስዎ የቀረው የቤትዎን ዋይፋይ ማሳወቅ ብቻ ነው። ስክሪኑ የዋይፋይ ስሞችን ሲዘረዝር የራስዎን ይምረጡ፤ ፓስወርዱ ካልተቀየረ በራውተሩ ሆድ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል። ትልቁና ትንሹ ፊደል እንደሚለያዩ አይዘንጉ፤ ባለፈው እኔ ራሴ ዜሮውን ኦ ነው ብዬ ግማሽ ሰዓት ታግዬበታለሁ። ራውተሩ በሁለት ስም የሚታይ ከሆነ አንደኛው 2.4፣ ሌላው 5 ጊጋኸርዝ ነው። ባለ 5 ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ያደክመዋል፤ ራውተሩ ከቴሌቪዥኑ ጋር በአንድ ክፍል ካለ እሱን፣ በሌላ ክፍል ካለ 2.4 የሚለውን ይምረጡ። ማይክሮዌቭ በዚያው በ2.4 አካባቢ ስለሚሠራ፣ እሱ ሲበራ ምስሉ ቢንተፋተፍ አይደንግጡ።

ምስሉን በተመለከተ፣ እጅግ ጥርት ያለ ምስል የሚያሳየውን ባለ 4ኬውን ትቼ መካከለኛውን የገዛሁት ከስስት አይደለም፤ ቴሌቪዥንዎ 4ኬ ስላልሆነ ልዩነቱን ሊያሳይ አይችልም። ከዚህም በላይ የኢንተርኔት ፍጆታው አሳስቦኛል። ፊልም በኢንተርኔት የሚያሳየው ኔትፍሊክስ ለ4ኬ የሚመክረው በሰከንድ 15 ሜጋቢት፣ ከእሱ ዝቅ ላሉት የምስል ጥራቶች ለ1080 ደግሞ 5 ሜጋቢት፣ ለ720 3 ሜጋቢት ፍጥነት ነው። ያ ፍጥነት ሳያቋርጥ ጥቅም ላይ ቢውል ለአንድ ሰዓት በ15ቱ 6.75፣ በ5ቱ 2.25፣ በ3ቱ ደግሞ 1.35 ጊጋባይት ይሆናል። ስለዚህ በ720 እንዲወሰን አድርጌዋለሁ፤ ከሚቀመጡበት ርቀት ሆነው ልዩነቱ ብዙም አይታይዎትም። አንዱ ክፍል ሲያልቅ ቀጣዩ በራሱ እንዳይጀምርም አጥፍቼዋለሁ፤ ወንበርዎ ላይ እንቅልፍ ሲወስድዎት ቴሌቪዥኑ ለብቻው እስከ ሌሊት ኢንተርኔቱን እንዳይጨርሰው ነው። የግርጌ ጽሑፉንም ያለ መነጽር እንዲነበብ አተልቄዋለሁ።

ምናልባት ሰው ቤት ያዩትን፣ «ሁሉንም በነፃ ያሳያል» የተባለውን ርካሽ ሣጥን ያልገዛሁበትን ምክንያት ይጠይቁኝ ይሆናል። አምራቻቸው በውል ከማይታወቅ ከእነዚያ ሣጥኖች አንዳንዶቹ ገና ሳይሸጡ ተንኮለኛ ፕሮግራም ተጭኖባቸው ይመጣሉ። የአሜሪካው የወንጀል ምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ባድቦክስ 2.0 የተባለው እንዲህ ያለ ፕሮግራም የቤቱን ኢንተርኔት ለወንጀለኞች መሸጋገሪያ እንደሚያደርግ ገልጿል። ነፃ ፊልም ብለን ሌባ ሳሎናችን ውስጥ ማስገባት አልፈለግሁም።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ፦ ይህን ዕቃ ማስጀመር ክፍያ የለውም። ስክሪኑ ላይ ቁጥር ወጥቶ ወይም ሰው ደውሎ «የማስጀመሪያ ክፈሉ» ቢልዎ አታላይ ነው፤ ስልኩን ይዝጉት። በዚህ መንገድ ገንዘባቸውን የተነጠቁ ብዙዎች ናቸው፤ ከእርስዎ በዕድሜ የሚያንሱ፣ ኮምፒዩተር እናውቃለን የሚሉ ጭምር።

አልሠራም ያለ ጊዜ ቻርጀሩን ከሶኬት ይንቀሉ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይቆዩና መልሰው ይሰኩት፤ አብዛኛው ችግር በዚህ ይወገዳል። በጎኑ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ግን ረጅም ጊዜ ተጭነው አያቆዩ፤ እኔ ያስተካከልሁትን ሁሉ አጥፍታ ወደ መጀመሪያው ትመልሰዋለች። ደግሞም ችግሩ ሁልጊዜ ከእርስዎ ቤት አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የሁለተኛው ትውልድ ክሮምካስቶች ውስጣቸው ያለው፣ የዕቃውን እውነተኛነት የሚያረጋግጠው ዲጂታል የምስክር ወረቀት ጊዜው አልፎ በየቤቱ በአንድ ጊዜ ሥራ ሲያቆሙ፣ ጉግል ራሱ ዕቃውን ወደ መጀመሪያው አትመልሱ ብሎ ነበር፤ ታግሠው የጠበቁት መፍትሔው በቀናት ውስጥ መጣላቸው።

በመጀመሪያው ምሽት ራሱን ለማዘመን ጥቂት ደቂቃ ስክሪኑን ሊያጨልም ይችላል፤ ያኔ ከሶኬት አይንቀሉት። አይተው ሲጨርሱም ቴሌቪዥኑን ብቻ ያጥፉ፤ ዕቃው እንደተሰካ ይደር።

እሑድ ማታ ለእርዳታ ስልኬን ከፍቼ እጠብቃለሁ። ባይደውሉልኝ ግን የበለጠ ደስ ይለኛል፤ ሰኞ ጠዋት እኔ እደውልና ስለ ገመዱ ሳይሆን ስላዩት ፊልም ይነግሩኛል። የተራራውን ሥዕል ግን እንዳይወጣ አጥፍቼዋለሁ።

አክባሪ ልጅዎ