ከፎርሙላው በፊት ሥዕሉ ይቅደም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተነገረ ቁጥር ስለ ኩረጃ፣ ስለ መጻሕፍት እጥረት፣ ስለ መምህራን ኑሮ ብዙ ይጻፋል። ሁሉም ተገቢ ነው። እኔም ደሴ ውስጥ ፊዚክስ የማስተምር ነኝና በየዕለቱ የማየውን ልጨምር፤ ተማሪዎቻችን ጥያቄውን አንብበው ሳይጨርሱ ፎርሙላ ፍለጋ ይገባሉ።

ደብተራቸው «ጊቭን፣ ሪኳየርድ፣ ሶሉሽን» ተብሎ በወጉ ተከፋፍሏል። ሥዕል ግን የለበትም። 5 ኪሎ ግራም ሳጥን በ30 ዲግሪ ባዘነበለ ጣውላ ላይ ቁልቁል ይንሸራተታል፤ የፍሪክሽን ኮኤፊሸንቱ (የሰበቃው መጠን) 0.2፣ ግራቪቲው 10 ይሁን፤ አክስለሬሽኑ፣ ማለትም ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚጨምርበት መጠን፣ ስንት ነው? ብዙው ልጅ ኖርማል ፎርስ (ጣውላው ሳጥኑን የሚገፋበት ኃይል) ከክብደት እኩል ነው ብሎ ስለሸመደደ 50 ኒውተን ይጽፋል። ፍሪክሽኑ 10፣ ቁልቁል የሚጎትተው 25፣ ልዩነቱ 15፣ ለ5 ሲካፈል 3። ቁጥሩ ድፍን ሆኖ ስለወጣለት በልበ ሙሉነት መልሱን ያጠቁራል።

ሳጥኑን ሥሎ ኃይሎቹን የሚያሳዩ ቀስቶች ቢያሰምር ኖሮ፣ ጣውላው ሳጥኑን የሚገፋው ከራሱ ገጽ ጋር 90 ዲግሪ ሠርቶ መሆኑን ያይ ነበር። ስለዚህ ኖርማል ፎርሱ 50 በኮሳይን 30 ተባዝቶ 43.3 ኒውተን ብቻ ነው፤ ፍሪክሽኑ 8.7 ገደማ፣ መልሱም 3.27። ሥዕሉ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

መልስን መለስ ብሎ ማየትም ጠፍቷል። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚበር አይሱዙ ፍሬን ሲይዝ ፍጥነቱ በየሰከንዱ 5 ሜትር በሰከንድ ቢቀንስ፣ በስንት ሜትር ይቆማል? 72ን ወደ 20 ሜትር በሰከንድ ሳይቀይር የሠራ ተማሪ 518 ሜትር ብሎ ያሰምርበታል። መልሱ 40 ነው። ይህ ልጅ አይሱዙ ሲቆም ሲያይ ያደገ ነው፤ ግማሽ ኪሎ ሜትር ሙሉ እንደማይንሸራተት ያውቃል። መንገድ ላይ የሚያየውን ከደብተሩ ቁጥር ጋር እንዲያስተያይ ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም።

ጥፋቱን በልጆቹ ላይ አልጥልም። ምርጫ ብቻ የሆነ ፈተና አሠራሩን አያይም። በቴሌግራም የሚዞሩት አቋራጮችም የሚያስተምሩት ፊደሏን ቶሎ ማግኘት ነው። አገር አቀፉን ፈተና በእጅ ማረም እንደሚከብድ ይገባኛል፤ ትምህርት ቤት ውስጥ በምናወጣው ፈተና ግን ማን ከለከለን? ከ10 ማርክ 3ቱ ለሥዕሉ፣ 1 ለዩኒቱ፣ 1 ደግሞ «ይህ ቁጥር ያስኬዳል ወይ?» ለሚለው ይሰጥ። በተጨናነቀ ክፍል እርማቱ አድካሚ ነው፤ ቢሆንም ልጁ የት ላይ እንደሳተ የሚታየን በዚህ መንገድ ብቻ ነው።

ጋዜጣችሁም በሳምንት አንድ ጥያቄ ከነሥዕሉና ከነአሠራሩ ቢያወጣ ለብዙ ገጠር ትምህርት ቤት ይደርሳል። ጥያቄዎቹን አዘጋጅቼ ያለ ክፍያ ለመላክ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
የፊዚክስ መምህር፣ ከደሴ