ካርታችሁ ላይ ያለውን መስመር አርሼዋለሁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከገንዳ ውሃ ነው። ሥራዬ ትራክተር መንዳት ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ከሱዳን ጋር ስለምንወዛገብበት የድንበር መሬት፣ ስለ አልፋሽጋ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ባለፈው ቅዳሜ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩት። እዚህ ጋዜጣ ሲገኝ አንድ ሰው ያነባል፣ ሌላው ይሰማል። «ሰው አልባው ለም መሬት» የምትለው ጋ ስደርስ አጠገቤ የነበረ የሰሊጥ ደላላ አቋረጠኝ።

«እኛ ታዲያ ምንድን ነን? ዝንጀሮ?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ሰው ባይኖርበትማ ማን ይጣላበት ነበር?

ከጽሑፉ ጎን ያለውን ካርታም አየሁት። ቀይ መስመር፣ ቀጥ ያለ፣ በማስመሪያ የተሰመረ። እንግዲህ ያንን መስመር እኔ አርሼዋለሁ። በአንድ ክረምት ስንቴ እንደተሻገርኩት አላውቅም። ከትራክተር ወንበር ላይ ሆኖ አይታይም።

አንድ ዓመት ከደለሎ ወዲያ ያሠራኝ ገበሬ «እስከዚያች ግራር ድረስ እረስ» አለኝ። ግራሯ ጋ ስደርስ ዞርኩ። ከግራሯ ማዶ ሌላ ትራክተር አለ፤ ነጂው ሱዳናዊ ነው። እሱም ግራሯ ጋ ሲደርስ ይዞራል። ሁለት ቀን ሙሉ የማረሻ ዲስክ እየጎተትን ስንገናኝ፣ ስንለያይ ዋልን። በሦስተኛው ቀን ናፍጣ አለቀብኝ፤ አንድ ጀሪካን እሱ ሰጠኝ። በዓመቱ ስመለስ ግራሯ የለችም። ከሰል አክሳዮች በልተዋታል። ገበሬው ዘወር ዘወር ብሎ አየና «ከኩይሳው ሃምሳ እርምጃ ነበረች መሰለኝ» አለ። ኩይሳው ደግሞ ሁለት ነው። ድንበር ማለት እኛ ዘንድ ይኸው ነበር።

ሒሳቡም ያው ነው። ለሐበሻ ሳርስ በሄክታር እቆጥራለሁ፣ ለሱዳን ሳርስ በፈዳን። አንድ ሄክታር ሁለት ፈዳን ተኩል ሊሆን ትንሽ ይቀረዋል። ያቺን ትንሽ ማን ይብላት በሚለው ላይ ከአሠሪ ጋር ስንከራከር ነበር የምናመሸው።

አሁን ወደማይወደደው ነገር ልምጣ። ባንዳ የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግድ የለም፣ በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ተብያለሁ።

ያ የግራሯ ገበሬ ሁለት ደረሰኝ ነበረው። አንደኛው የመሬት ግብር የከፈለበት ነው፤ በአማርኛ ነው፣ ማኅተም አለው። ሁለተኛው ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ነው፤ በዓረብኛ ነው፣ ሱዳን ገዳሪፍ ለሚኖር ባለመሬት ኪራይ የከፈለበት። ሁለቱን አንድ ፌስታል ውስጥ ጠቅልሎ ከዳሱ ጣሪያ ሥር ይሸጉጣቸዋል። አንድ ማታ ማሽላ ጠብሰን እየበላን «የትኛው ነው እውነተኛው?» ብዬ ጠየቅኩት። አሰበበት። «እሱን የሚወስነው ቀድሞ የመጣው ሰው ነው» አለኝ። ሚሊሻ ከመጣ የአማርኛውን ያወጣል። ሱዳናዊው በመኪና ከመጣ የዓረብኛውን ያወጣል። ሁለቱም አንድ ላይ የመጡበት ቀን ምን እንዳደረገ ጠይቄው ዝም አለ።

እንዲህ የሚያደርገው እሱ ብቻ አልነበረም። በእናንተ ጽሑፍ ውስጥ ግን ወራሪ አለ፣ ተወራሪ አለ፣ ኪራይ ከፋይ የሚባል ሰው የለም። እኔ የማውቃቸው ሰዎች አብዛኞቹ ኪራይ ከፋይ ነበሩ።

ለምን እንዲህ ሆነ ለምትሉ፣ ነገሩ የወንዝ ነው። በሰሜን ሰቲት አለ፤ የእኛው ተከዜ ነው። በምዕራብ አትባራ አለ፤ እኛ ጓንግ የምንለው። አንገረብም አለ። ክረምት ገብቶ ወንዞቹ ሲሞሉ ከገዳሪፍ በኩል ያለ ሰው መሬቱን ከሩቅ ከማየት በቀር አይደርስበትም ነበር። በእኛ በኩል የሚያግደው ጭቃ ብቻ ነው። ዋልካውን ከቻልከው ትገባለህ። ሰሊጥ የሚዘራው ደግሞ ያኔ ነው። ስለዚህ ሱዳናዊው ያከራያል፣ የእኛ ሰው ያርሳል፣ ከጎጃምና ከወሎ የወረደው ሳሉግ ያርማል፣ ያጭዳል። (ሳሉግ ማለት የቀን ሠራተኛው ነው። ወባና ካላዛር የሚጨርሰው እሱን ነው። በድንበር ወሬ ውስጥ ግን ስሙ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም።)

የድንበሩን ውል ነገር የእህቴ ልጅ ነው ያስረዳኝ። መምህር ነው፣ እንግሊዝኛው ይገባዋል። ግንቦት 1894 ዓ.ም. ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ተፈራረሙ፤ ሱዳን ያኔ በእንግሊዝ እጅ ነበረች። በዓመቱ ሻለቃ ግዊን የሚባል እንግሊዛዊ መሬት ላይ ወርዶ ምልክት አደረገ። የእኛ መንግሥታት ቅሬታ ያኔም ዛሬም አንድ ነው፤ ኢትዮጵያዊ ተወካይ አብሮት ሳይኖር ብቻውን አሰመረው የሚል። ሱዳኖች ደግሞ ተሰምሯል፣ አለቀ ይላሉ። ከዚያ በ1964 ዓ.ም. የጃንሆይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዶክተር ምናሴ ኃይሌና የሱዳኑ መንሱር ኻሊድ ደብዳቤ ተለዋወጡ። ደብዳቤው የግዊንን መስመር መነሻ ያደርጋል። ከዳግሊሽ ተራራ በስተሰሜን እስከ ሰቲት ባለው ላይ ግን ሰው ሰፍሮ እያረሰ ነውና መጀመሪያ የነዚህ ሰዎች ጉዳይ በጋራ ኮሚቴ ይጠና ይላል። እስከዚያው ያለው እንዳለ ይቆይ ይላል።

ልብ በሉልኝ። ከምልክቱ በፊት አራሹ ነው የሚለው። እናንተ «እንዳለ ይቆይ» የምትለዋን ጠቀሳችሁና የግዊንን ነገር ዘለላችሁት። የካርቱም ሰዎች ደግሞ ግዊንን ይዘው ሌላውን ይዘላሉ። አራሹን ሁላችሁም ዘለላችሁት።

ያ ጉዳይ ሳይቋጭ እኛ ዘንድ አብዮት ፈነዳ፣ ጃንሆይ ወረዱ። በ1977 የሱዳኑ ኒሜሪ ወረደ። በ1983 ደርግ። በ1987 አዲስ አበባ ላይ የግብጹን ፕሬዚዳንት ሙባረክን ሊገድሉ ሲሞክሩ፣ ሱዳን እጇ አለበት ተብሎ ሁለቱ መንግሥታት ተኳረፉ፤ የእኛ ሰው በብዛት ወደዚያ የገባው ከዚያ ወዲህ ነው። እንግዲህ ስንት ጊዜ ነው አንዱ ቤት ሲረጋጋ ሌላው ሲናጥ የኖረው።

የሱዳኑን ፕሬዚዳንት የበሽርን አወዳደቅ በዓይኔ ባላየውም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ታኅሣሥ 2011 አትባራ ከተማ በዳቦ ዋጋ ሰልፍ ከወጣ በኋላ ድንበር ማዶ ገላባት የማርሽ ዘይት ልገዛ ሄጄ ነበር። ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ዘንድ ልጆች በሞባይል ቪዲዮ ያያሉ። አንዱ ጠረጴዛውን በመዳፉ እየመታ «ተስጉት በስ! ተስጉት በስ!» ይላል። ይውረድ፣ በቃ ማለት ነው። ሴትዮዋ መጀመሪያ ተቆጣች፤ ብርጭቆዋ እየዘለለ ነው። ትንሽ ቆይታ እሷም በማንኪያ ብርጭቆ እየመታች ተቀበለቻቸው። ሚያዝያ 3 ቀን በሽር ወረደ። ዶካ ያለው ሱዳናዊ አሠሪዬ የዚያን ሰሞን «ቀጥሎ የእናንተ ነው» ሲለኝ «የእኛማ ዓምና ተቀየረ፣ ቀድመናችኋል» አልኩት። ነሐሴ 11 ቀን ወታደሩና ሲቪሉ ካርቱም ላይ ሲፈራረሙ የእኛ ጠቅላይ ሚኒስትር በአደራዳሪነት ተጨበጨበላቸው። ያን ሰሞን ገላባት ስገባ የሻይ አልከፍልም ነበር።

ያ ሻይ ዓመት ከሦስት ወር ነው የቆየው።

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ሌሊት ትግራይ ውስጥ ጦርነት ተጀመረ። ወታደሩ ወደዚያ ዞረ። በኅዳርና በታኅሣሥ የሱዳን ጦር ወደ አልፋሽጋ ገባ። ከፊሉ ሰሊጥ ተወቅቶ ጆንያ ውስጥ ነበር፣ ማሽላው ገና ቆሞ ነበር። እኔ ተሳቢ ቀጥዬ ጆንያ ልጭን እየሄድኩ ነው ተኩሱን የሰማሁት። መጀመሪያ ሽፍታ መሰለኝ። ሽፍታ ሲተኩስ ግን ያቆማል። ይሄ አላቆመም። ዞርኩ። ዲስኬ ከሐምሌ ጀምሮ እርሻው ጫፍ ላይ እንደቆመ ነው፤ እዚያው ቀረ።

የግራሯ ገበሬ ከሁለት ልጆቹ ጋር በማግሥቱ በእግሩ ደረሰ። አንድ ጆንያ ሰሊጥ አላወጣም። ፌስታሏን ግን ይዟታል። ሁለቱም ደረሰኞች አሉ። አውጥቶ አሳየኝ፤ ለምን እንዳሳየኝ ለራሱም የገባው አልመሰለኝም። የሱዳን ወታደር መቼም የኪራይ ወረቀት አንብቦ አያልፈውም።

በዚያው ታኅሣሥ ካርቱም ላይ የድንበር ስብሰባ ተደረገ። የያኔው ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር አቶ ደመቀ መኮንን የእኛን ቡድን መርተው ሄዱ፤ ያለ ውጤት ተበተነ። ከማውቃቸው አራሾች መሄዱ ቀርቶ ማንም መጥቶ «የት ነበር የምታርሱት?» ብሎ የጠየቀው የለም።

በሚቀጥለው ክረምት የዶካው አሠሪዬ ደወለ። «ያ ኡስታ፣ ዲስክህን አይቻታለሁ፣ ሳር በቅሎባታል» አለኝ።

«ታዲያ አትልክልኝም?»

ሳቀ። «በየት በኩል?»

ከዚያ የእነሱ ቤት ተራ ሆነ። ጥቅምት 2014 ጦሩ መንግሥቱን ገለበጠ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ደግሞ የጦሩ አዛዥ አልቡርሃንና የፈጥኖ ደራሹ ኃይል አዛዥ ሔሜቲ እርስ በርሳቸው ተያያዙ። መተማ ዮሐንስ በሰው ተጥለቀለቀች። ያቺን አጭር ድልድይ ሰው ሻንጣ እየጎተተ ሲሻገርባት አይቻለሁ፤ ሐኪም አለ፣ ተማሪ አለ፣ ባንክ የሚሠራ አለ። ኩመርና አውላላ ላይ መጠለያ ተሠራላቸው። የአሠሪዬ የወንድም ልጅ ወደ አዲስ አበባ ሊያልፍ እኔ ቤት ሁለት ሌሊት አደረ። ካርቱም የሚማር ልጅ ነው፣ ትሑት ነው፣ ጫማውን ከበር ውጭ አውልቆ ነው የሚገባው። እኔም ስለ መሬቱ አላነሳሁ፣ እሱም አላነሳ። ባለቤቴ ግን አላስቻላትም። «ዲስካችንን ይመልሱልን፣ በለው» አለችኝ። ተረጎምኩለት። ልጁ ዲስክ ምን እንደሆነ አያውቅም። በእጄ ሳሳየው ዘፈን የሚቀረጽበት ሲዲ መሰለውና ይቅርታ ጠየቀን።

እንግዲህ መሬቱ የማን ነው ብትሉኝ እኔ ዳኛ አይደለሁም። የትና የት እንዳረስኩ ግን ቦታው ላይ ወስዳችሁ ብታቆሙኝ በእግሬ እየሄድኩ አሳያችኋለሁ። ማዶ ያለው ያ ናፍጣ የሰጠኝ ሰውዬም እንዲሁ ያሳያል ብዬ አስባለሁ። በኩይሳዎቹ ላይ ልንጣላ እንችላለን። ሁለት ኩይሳ ግን ሁለት ጦር አያሰልፍም።

እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። የ1964ቱን ደብዳቤ ሙሉውን፣ ሳትቆርጡ፣ በአማርኛ አትሙት። አንድ ገጽ ቢበላባችሁ ነው። ሻይ ቤት ሆኜ እኔ አነበዋለሁ፣ ሌላው ይሰማል። የእህቴ ልጅ በቃሉ ሲተረጉምልኝ የተረዳሁትን አሳስቼ ከሆነም ያኔ ይለያል። የሰሊጡ ደላላ «እኔ በምኑ ገጽ ላይ ነኝ?» ብሎ ቢጠይቀኝ ጣቴን የማሳርፍበት መስመር ይኖረኛል።

አንድ እርማትም አለኝ። ካርታችሁ ላይ መተማ ዮሐንስና ገላባት የአውራ ጣት ያህል ተራርቀዋል። እንዲያ አይደለም። ገላባት መስጊድ አዛን ሲባል መተማ ያለው ሻይ አፍይ ጀበናውን ይጥዳል። የሚቀጥለውን ካርታ ስትሥሉ አስጠጓቸው።

ስሜና ስልኬ ለእናንተ ብቻ ይሁን፤ በጋዜጣው ላይ አታውጡት።

አንድ የትራክተር ሹፌር
ከገንዳ ውሃ