ሰሌዳዎ ላይ የተለጠፍኩት ሙሽራ ነኝ

ይድረስ፦ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለምንኖርባት ከተማ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

ሳያውቁኝ አይቀሩም። በስሜ ስለተፈጸመው ማጭበርበር አቤት ልል ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቻለሁ። መጀመሪያ ስመጣ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ሁለተኛ ስመጣ «ሲስተም የለም» ተባልኩ። አቤቱታ ለመስማት ሲስተም ምን እንደሚያደርግ እስካሁን አልገባኝም። በሦስተኛው አገኘሁዎት። «ኮዱን ራስሽ ሰጥተሽ እኛን ምን አድርጉ ነው የምትይው?» አሉኝ። ያኔ እንባ ቀደመኝና ሳልመልስልዎ ወጣሁ። ይኸው መልሴ።

ሠርጋችን የተቆረጠው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው። መጋቢት ላይ እኔና እጮኛዬ ጋብቻ ልናስመዘግብ መጣን። ቅጽ ሞላን፣ ጉርድ ፎቶና የፋይዳ መታወቂያ ኮፒ አያያዝን። «ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ» የሚል ማስታወቂያ እንደሚለጠፍ እናውቃለን። ደግ ደንብ ነው። ሚስቱን ደብቆ ሌላ ሊያገባ የመጣን ሰው የሚያጋልጠው እሱ ነው። ለዚህ ግን ስማችን ከነአያት፣ ፎቷችንና የሠርጉ ቀን ይበቃ ነበር።

ቢሮዎ ማስታወቂያ መጻፍ ታከተው መሰለኝ፣ የሞላነውን ቅጽ እንዳለ በፕላስተር ለጠፈው። የፋይዳውንም ኮፒ፣ ፊቱንም ጀርባውንም። የእናቴ ስም፣ የተወለድኩበት ቀን፣ ስልኬ፣ ባለ 12 አሃዙ የፋይዳ ቁጥሬ። ያውም ከግቢው በር ላይ ባለው ሰሌዳ፣ ሰው ሚኒባስ የሚጠብቅበት ቦታ! ለሰው የምናሳየው ባለ 16 አሃዙ ቁጥር የተሰጠን እኮ ያንን ባለ 12ቱን እንዳናዝረከርከው ነው።

በዘጠነኛው ቀን ከእናቴ ጋር የሠርጉን በርበሬ እየቀነጠስን ስልኬ ጠራ። «ከምዝገባ ቢሮ ነው፣ እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ። ድምፁ ትሁት ነው፤ ከቢሮዎ እንዳልሆነ መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነበር። ስሜን ከነአያቴ፣ የእናቴን ስም፣ የሠርጉን ቀን አንድ በአንድ ጠራልኝ። «ሰርተፊኬታችሁ ሊታተም ነው፣ ስልክሽ ላይ የገባውን ኮድ ንገሪኝ።» ነገርኩት። ይህን ሁሉ ከእናንተ ሌላ ማን ያውቃል ብዬ? ለካ ሚኒባስ የጠበቀ ሁሉ ያውቃል።

ኮድ መስጠቴ ጥፋቴ ነው፣ አልክድም። ግን ቁልፉ ሁለት ነበር። አንዱን ከእኔ አፍ ወሰደ፣ ሌላውን ከእርስዎ ሰሌዳ። በሁለቱ በስሜ የባንክ ሂሳብ ከፍቶ 24,000 ብር ዲጂታል ብድር ወሰደ። ይህን ያወቅኩት የድንኳን ቀብድ ልከፍል በወጣሁበት ቀን፣ «ብድርዎን ይክፈሉ» የሚል መልእክት ሲመጣልኝ ነው።

ብሩስ ይሁን። ወሬው ግን መንዝ ደረሰ። የእጮኛዬ አጎት ደውለው «ልጅቷ ባለዕዳ ናት አሉ፣ እውነት ነው?» ብለው ጠየቁ። ሽማግሌ የተቀመጠበትና ጥሎሽ የተነጋገሩበት ቤት ውስጥ ይህ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ የአገር ልጅ ነዎትና አልነግርዎትም። አባቴ ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚባል አለ። ከእኔ የተሻለ እንደሚያውቁት እገምታለሁ። ለአንድ ጉዳይ የተሰበሰበ መረጃ ለዚያው ጉዳይ፣ በሚያስፈልገው ልክ ብቻ ይውላል ነው የሚለው። ፕላስተር ይፈቀዳል የሚል አላገኘሁበትም። አዋጁን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ወደዚያ ልኬያለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በሦስተኛው ቀን አቤቱታዬን በጽሑፍ ላስገባ ስል ጸሐፊዎ ምን አሉኝ መሰለዎ? «የመታወቂያ ኮፒ አያይዢ።»

ብዙ አልጠይቅዎትም። ወረቀቱን ያንሱት። ለባንኩም መረጃዬ ከቢሮዎ ሰሌዳ ላይ እንደተወሰደ የሚገልጽ ደብዳቤ በማህተም ይጻፉልኝ።

ትናንት በዚያ በኩል ሳልፍ የእኔ ወረቀት አሁንም አለ። ዝናብ መትቶት ጥጉ ተልጧል፣ ቁጥሩ ግን ጥርት ብሎ ይነበባል። አጠገቡ ሌሎች ሦስት ጥንዶች ተለጥፈዋል። ለአንዷ ሙሽራ ደውዬ አስጠንቅቄያታለሁ። ስልኳን ያገኘሁት ከሰሌዳዎ ላይ ነው።