ቁጭ ብላችሁ ላዳመጣችሁኝ ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሞ እግዚአብሔር ይመስገን። ባለፈው ሳምንት ከኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ሁላችንም ኖቫ ከምንለው፣ በአሶሺዬት ዲግሪ ተመርቄያለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። ለደወላችሁ፣ መልእክት ለላካችሁ፣ አበባ ይዛችሁ ፌርፋክስ ድረስ ለመጣችሁ ሁሉ አንድ በአንድ መመለስ አልቻልኩም። ስለዚህ እዚህ ልጻፍላችሁ።

ሰው «እንኳን ደስ ያለሽ» ካለኝ በኋላ ቀጥሎ የሚጠይቀኝ ያው ነው። «በዚህ ዕድሜሽ ስፓኒሽና ስፒች ምን ያደርግልሻል?» ስፒች የሚሉት ሰው ፊት ቆሞ ንግግር ማድረግን የሚያስተምረውን ኮርስ ነው። ነርሲንግ ብማር ኖሮ ማንም ባልጠየቀኝ። ላስረዳችሁ።

ትልቋ ልጄ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች አንድ ክሊኒክ ይዣት ሄጄ ነበር። ታማሚዋ እኔ ነኝ። አስተርጓሚ የሚጠራልኝ ጠፋና «ልጅሽ ትንገርሽ» ተባለ። ሐኪሙ ስለ ማሕፀኔ ያወራል፣ እሷ ትተረጉማለች። ልጅ ናት፤ ግማሹን ቃል በእንግሊዝኛም በአማርኛም አታውቀውም። የገባትን ነገረችኝ፣ ያልገባትን ዋጠችው። ማታ አልጋዋ ላይ ስታለቅስ አገኘኋት። «ልትሞቺ ነው?» አለችኝ። ሕመሙ ቀላል ነበር። እሷ ላይ የወደቀው ግን ቀላል አልነበረም።

ይህን ሥራ ቦታ ሳወራ አንዲት የሆቴል ባልደረባዬ አንሶላውን ይዛ ቆመች። የኤል ሳልቫዶር ሰው ናት። የእሷም ልጅ የስኳር በሽታ እንዳለባት የነገራት በስምንት ዓመቱ ነው። በእኛ አካባቢ ሐኪም ቤት ገብታችሁ ወረፋ የሚጠብቀውን እዩ፤ ወይ እኛ ነን ወይ እነሱ። በዋሽንግተን ዙሪያ ካሉት ስፓኒሽ ተናጋሪዎች የሚበዙት ሳልቫዶራውያን ናቸው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ አርላንድሪያ የሚባለውን ሰፈር እንኳ፣ ብዙዎቹ በመጡበት ከተማ ስም «ቺሪላጓ» ነው የሚሉት። የሕክምና አስተርጓሚ እሆናለሁ ብዬ የተነሳሁት ያኔ ነው። ከሆንኩ አይቀር በሁለቱም ቋንቋ።

ስፓኒሽ 101 የገባሁ ቀን ክፍሉ ውስጥ በዕድሜ የሚበልጡኝ መምህሩ ብቻ ነበሩ። ምናልባት እሳቸውም አይበልጡኝም። መምህሬ፣ ለትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። አማርኛ ይህን ያህል ይጠቅመኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። አሜሪካውያኑ ልጆች ጠበቅ ያለውን «ር» ለማለት ምላሳቸው ሲተሳሰር እኔ «በረረ» እያልኩ ያደግኩ ሰው ነኝ። «ኘ»ም ከፊደል ገበታችን አለችልን። ግሱ በእኔ፣ በአንተ፣ በእሷ መለዋወጡም አላስደነገጠኝም፤ የእኛ ግስ ከዚያ ይብሳል። ያስቸገረኝ ዕቃ ሁሉ ጾታ ያለው መሆኑ ነው። ጠረጴዛ ሴት፣ መጽሐፍ ወንድ። እስካሁንም አንዳንዴ እንደ መጣልኝ ነው የምለው።

ደግሞ ክፍል ውስጥ የተማርኩት ሆቴሉ ላይ አልሠራ አለኝ። መጽሐፉ አንድን ጓደኛ ስታናግሩ፣ «አንተ» ወይም «አንቺ» ለማለት፣ «ቱ» በሉ ይላል። ሳልቫዶራውያኑ እርስ በርስ «ቦስ» ነው የሚባባሉት፤ ግሱም አብሮ ይለወጣል። ለመምህሬ ስነግራቸው ሳቁና «ፈተና ላይ በቱ ጻፊ፣ ብሬክ ላይ በቦስ አውሪ» አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግኩ።

የሆቴል ጓደኞቼ፣ ይህን ጽሑፍ ሰው ያነብላችኋል ብዬ ነው። አንሶላ ስንዘረጋ በአንዱ ጫፍ እናንተ በሌላው እኔ ሆነን ግስ አስጠናችሁኝ። ስሳሳት ስቃችሁብኝ አታውቁም ብል ውሸት ነው፤ ስቃችኋል። ግን ሁልጊዜ እስክጨርስ ጠብቃችሁኛል። ለፈተና ስፈልግ ፈረቃችሁን ሰጥታችሁኛል። ፈረቃ ለመቀየር እንቢ ብሎኝ ለነበረው ኃላፊ ግን ምስጋና የለኝም። በምስጋና ደብዳቤ ላይ ውሸት አልጽፍም።

በስፓኒሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ነገር ያወራሁት ስለ ጦርነት ነው። እነሱ አገር የእርስ በርስ ጦርነቱ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1992 ዘልቋል። እኛ ዘንድ ደርግ የወደቀው በ1991 ነው። እኔና ያቺ ባልደረባዬ ያኔ ሕፃናት ነበርን። እሷ ወንድሟን ወታደሮች ከመንገድ ወስደውባታል። የእኔ አጎት ብሔራዊ ውትድርና ሄዶ አልተመለሰም። በስፓኒሽ ያለፈ ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ይሆን ለነበረ፣ አንዱ ሆኖ ላለቀ ነገር። ክፍል ውስጥ ለወራት ሲምታታብኝ የነበረ ነገር ነው። እሷ «ወንድሜ ይዘፍን ነበር» አለችና ወዲያው «ወሰዱት» አለች። ከዚያ በኋላ ተምታቶብኝ አያውቅም።

አሁን ወደ ስፒች። ስፓኒሽ ከበደኝ ብል አታምኑኝ፤ ያንቀጠቀጠኝ ስፒች ነው። ኮሮና ክፍሎቹን ከዘጋ በኋላ ብዙ ኮርስ ኦንላይን ገብቶ ስለነበር እኔም እንደዚያው ወሰድኩት። ለስልክ ብቻ ማውራት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። መምህራችን ግን ተናጋሪው ፊት ቢያንስ አምስት አዋቂ ሰው ተቀምጦ ቪዲዮው ላይ መታየት አለበት አሉ። አምስት አዋቂ ሰው በሥራ ቀን ከየት ይመጣል?

ከማኅበር!

የማርያም ማኅበርተኞቼ፣ የምስጋናዬ ትልቁ ድርሻ የእናንተ ነው። ስኒያችሁን ይዛችሁ ሳሎኔ ውስጥ ተደረደራችሁ። ስልኩ ሞሰቡ ላይ ተደግፎ ይቀርጻል። እኔ በእንግሊዝኛ እናገራለሁ። ከመካከላችሁ እንግሊዝኛው በደንብ የሚገባችሁ ምናልባት ሁለታችሁ ናችሁ፤ ሁላችሁም ግን በቦታው አጨበጨባችሁ። ረከቦቱ ሲንኳኳ «ዝም በሉ፣ ፈተና ላይ ናት!» የሚለው ድምፅ ሁለተኛው ቪዲዮ ላይ አለ። መምህሬ እሱን ሰምተው «አድማጮችሽ እንዴት ያሉ ናቸው!» ብለው ጻፉልኝ።

የዓይን ነገር ደግሞ አለ። እኛ ታላቅ ስናናግር ዓይናችንን እንሰብራለን። ስፒች ላይ ዓይንሽን ከሰበርሽ ነጥብ ይቀነሳል። መሃል የተቀመጡትን እማማን እንደ ተማርኩት ዓይን ለዓይን ትክ ብዬ ሳያቸው «ምነው ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?» አሉኝ። ሳቅ ሆነ፣ ቪዲዮው ተበላሸ፣ እንደገና ቀረጽን። እማማ፣ ከዚያ በኋላ ሆነ ብለው እያዩኝ ስላስለመዱኝ ዕድሜ ይስጥልኝ።

አካሄዱም ከእኛ የተለየ ነው። ሽማግሌ ተልኮ ሲመጣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ ጤና ተወርቶ ነው ወደ ጉዳዩ የሚገባው። ስፒች ላይ ገና በመግቢያሽ ዋናውን ነገር ትናገሪያለሽ፣ ከዚያ ታስረጃለሽ፣ መጨረሻ ላይ ያንኑ ትደግሚዋለሽ። «አንዴ ከነገርሽን ለምን ትደግሚዋለሽ? ደንቆሮ መሰልንሽ?» ያለችኝ ማኅበርተኛ አለች፤ ራሷን ታውቃለች። መልስ አልነበረኝም። እኔ አሁንም የእኛ መንገድ ለዕርቅ፣ የእነሱ ለስብሰባ ይሻላል ባይ ነኝ።

የማሳመኛ ንግግሩን ግን ወደድኩት። አላን ሞንሮ የሚባሉ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ መምህር በ1930ዎቹ ያወጡት አምስት ደረጃ አለ። መጀመሪያ ጆሮ ትስቢያለሽ፣ ችግሩን ታሳያለሽ፣ መፍትሔውን ትሰጫለሽ፣ ያ ቢሆን ኑሮው ምን እንደሚመስል ትስያለሽ፣ በመጨረሻም አድማጩ ምን እንዲያደርግ እንደምትፈልጊ ትነግሪዋለሽ። የመረጥኩት ርዕስ «ልጆቻችንን አስተርጓሚ አናድርግ» የሚል ነበር። ሕጉን ያገኘሁት ለዚህ ስዘጋጅ ነው። ኦባማኬር የምንለው የ2010 የጤና ሕግ በ2016 በወጣው ደንቡ፣ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ አይቻልም ብሏል። ብቁ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ የሕክምና ቤቱ ግዴታ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ለከተማው መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከ2004 ጀምሮ የራሷ የቋንቋ ሕግ አላት፤ አማርኛም ከስፓኒሽ ጋር ከሚሸፈኑት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ይህ ሁሉ እያለን ነው ልጅ ከትምህርት ቤት አስቀርተን ቀጠሮ የምንወስደው።

በእንግሊዝኛ ተናግሬ ስጨርስ «አሁን ደግሞ በአማርኛ በይልን» አላችሁኝ። ያ ነጥብ አይሰጥበትም፣ ማንም አልቀረጸውም። ግን ከስፒቾቼ ሁሉ ጥሩው እሱ ነበር። ከዚያ እማማ ለዓይናቸው ቀጠሮ ሲሄዱ የልጅ ልጃቸውን አልወስድም ብለው ብቻቸውን ሄዱ። መስኮቱ ጋ ቆመው «አማርኛ! አማርኛ!» አሉ። በስልክ አስተርጓሚ መጣላቸው። ደውለው ሲነግሩኝ ድምፃቸው የአሸናፊ ነበር። መምህሬ ኤ ሰጡኝ፤ እኔ ግን ውጤቴን የሰማሁት ከእማማ ነው።

የቀራችሁትን በአጭሩ ላመስግን። የዕቁባችን አባላት፣ ኮምፒውተሬ የተበላሸ ጊዜ ተራችሁን ለለቀቃችሁልኝ። የኮሌጁ አስጠኚዎች፣ ድርሰቴን ደጋግማችሁ ላነበባችሁ። ፋፍሳውን፣ የኮሌጅ ገንዘብ እርዳታ ማመልከቻውን፣ ሙዪልኝ ስላት ሦስቴ ቁጭ ብላ የሞላችልኝ ጎረቤቴ፣ ያለ ፔል ግራንት፣ ያለ መንግሥት የትምህርት እርዳታ፣ ይህ አይታሰብም ነበር። የከተማችን የዳሽ አውቶቡስ ሹፌሮች፣ ስሮጥ አይታችሁ ለጠበቃችሁኝ፤ ከ2021 ጀምሮ ነጻ መሆኑም ለኪሴ ትልቅ ነገር ነበር። ባለቤቴ፣ ሌሊት ኡበር ነድተህ ጠዋት ልጆች አድርሰሃል። ይህን ለብቻህ እነግርሃለሁ።

ልጄ አሁን ሃይስኩል ልትጨርስ ነው። የስፓኒሽ ካርዶቼን ሁሉ የጻፈችልኝ እሷ ናት፤ የእኔን ጽሑፍ ራሴም አላነበውም። ቀጠሮ ላይ አብራኝ ስትመጣ ጥግ ይዛ ስልኳን ትጎረጉራለች፣ ሐኪሙ የሚለውን አትሰማም። እሰይ!

ገና አልጨረስኩም። የሕክምና አስተርጓሚነት ብሔራዊ ፈተና ለመቀመጥ ቢያንስ 40 ሰዓት ሥልጠና ይጠየቃል፤ በሰመር እጀምራለሁ። ለስፓኒሽ የራሱ የቃል ፈተና አለው፣ ለአማርኛ የለውም። ቅር ይላል፣ ግን እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው። መለማመጃ አድማጭ ስለሚያስፈልገኝ ማኅበርተኞቼ አልተገላገላችሁም ማለት ነው።

እስከዚያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ኑ። ሃምሳው ስላልወጣ ጾም የለም፤ ዶሮ ወጥ አለ። የሆቴል ጓደኞቼ ፑፑሳ፣ የአገራቸውን የበቆሎ ቂጣ፣ ከነጥቅል ጎመኑ ይዘው ይመጣሉ። መኪና የምታመጡ ከሕንጻው ጀርባ አቁሙ፤ ከፊት ለፊት ያቆማችሁትን ያነሱታል።

አክባሪ እህታችሁ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ