ከለገሃር፣ ለመርከበኛው ወንድሜ

እንደምን ከረምክ ወንድሜ? ጤናህ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠፋሁብህ። መጀመሪያ ሥራ በዛብኝ። ኋላ ላይ ደግሞ ዝምታዬ ራሱ አሳፈረኝና መጻፍ ከበደኝ። ይቅር በለኝ።

ትናንት ለገሃር፣ መርከብ ድርጅቱ በር ላይ አንድ ልጅ ከእናቱ ጋር ሲሰነባበት አየሁ። ሻንጣው አዲስ ነው። ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት እንኳ አልተነሳለትም። የአንተ መሄጃ ቀን ትዝ አለኝ።

ያን ቀን ቡና እየጠጣን «ወደብ የሌለው አገር መርከብ ምን ያደርግለታል? ሸጦ በኪራይ አይጠቀምም?» አልኩህ። አንተም «በክፉ ቀን የሚያከራይህ የለም» አልከኝ። ተኳርፈን ተለያየን። አንተ ልክ ነበርክ። ይህን ልነግርህ ነው የተነሳሁት።

ደግሞ እኔ እንዴት ጠፋኝ? በ2008ቱ ድርቅ የስንዴውና የማዳበሪያው መርከብ ጅቡቲ ላይ ሲደራረብ ሰነድ ይዘን ስልክ ላይ አብረን አድረናል። ስንዴው ከዘገየ ዘንድሮ ሰው ይራባል፤ ማዳበሪያው ከዘገየ ለከርሞ። የትኛው ይቅደም? ይህን ለገበያ አትተወውም፤ መንግሥት ነው የሚወስነው። ከ2016 ወዲህ ደግሞ ቀይ ባሕር ላይ የንግድ መርከብ መመታት ሲጀምር ታላላቆቹ የውጭ ድርጅቶች ብዙ መርከቦቻቸውን በደቡብ አፍሪካ በኩል አዞሩ። አልፈርድባቸውም። የእኛ ዕቃ ግን የሚገባው በዚያው በር ነው።

እንግሊዝና አርጀንቲና በፎክላንድ ደሴቶች ስላደረጉት ጦርነት ያወራኸኝንም አልረሳሁም። እ.ኤ.አ. በ1982 የእንግሊዝ መንግሥት 50 ያህል የንግድ መርከቦች አሰለፈ፤ ገሚሱን በግዴታ፣ ገሚሱን በኪራይ። ካንቤራ የምትባለው የመንገደኛ መርከብ ሽርሽረኞች ጭና ስትመለስ ነው የተጠራችው። በቀናት ውስጥ የሄሊኮፕተር ማረፊያ ተሠራላትና ወታደር ጭና ወጣች። አትላንቲክ ኮንቬየር ግን አልተመለሰችም። የኮንቴነር መርከብ ነበረች። ሚሳይል መታት፤ ካፒቴኗን ጨምሮ 12 ሰው ሞተ። ከጫነቻቸው ትልልቅ ሄሊኮፕተሮች አብዛኞቹ ስለተቃጠሉ ብዙው ወታደር ደሴቱን በእግሩ አቋረጠ።

እኔን የከነከነኝ ካፒቴኑ ነው። ወታደር አልነበረም። እንዳንተ ዕቃ ሊያደርስ ባሕር ላይ የዋለ ሰው ነው። መንግሥት መርከብ ሲጠራ መርከበኛውንም እየጠራ ነው። አሜሪካኖች ለክፉ ቀን ብለው ወደብ ላይ አቁመው የሚጠብቋቸው መርከቦች አሏቸው፤ አንዳንዶቹ ከተጠሩ በ5 ቀን ይነሳሉ። እኛ ያን አንችልም፤ የእኛ መርከብ ሠርቶ ማደር አለበት። ወረቀቱን ግን ከዛሬ ጀምሮ ማዘጋጀት እንችላለን። በአስቸኳይ ጊዜ ማን ይጠራችኋል? የአደጋ አበላችሁ ስንት ነው? አያድርገውና አንዱ ቢጎዳ ቤተሰቡ ምን ያገኛል? ይህ ሁሉ መልሕቅ ሳይነሳ ተጽፎ ይፈረም። ባገኘሁት ስብሰባ ሁሉ ይህንኑ እላለሁ፤ አልተውም።

እትዬን እሑድ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ጉልበታቸው ትንሽ አስቸግሯቸዋል እንጂ ደህና ናቸው። ቡና እያፈሉ ሬዲዮው «ቀይ ባሕር» ሲል ጀበናውን አስቀምጠው ተነሡ፣ ድምፁን ከፍ አደረጉ። ዜናው እስኪያልቅ ማንም አልተነፈሰም። ቡናው ገነፈለ።

ጅቡቲ የምትደርሱበትን ቀን ላክልኝ። በርበሬውን አስፈጭተውልሃል፤ በማውቀው ሹፌር እልክልሃለሁ። ለእሳቸው ግን ዛሬውኑ ደውልላቸው።

ወንድምህ