የኮምፒውተር ክበብ በ2017፦ መሸኛ ሳይወስዱ የወጡ ፕሮግራሞች

ባለፈው ዓመት መጽሔት ላይ የኮምፒውተር ክበብ ዘገባ አልነበረም። የሚዘገብ ነገር ስላልነበረ ነው። ዘንድሮ አለ። የሚያሳፍረኝም አለበት፣ እሱንም አልደብቅም።

መስከረም ላይ 31 ልጆች ተመዘገቡ። ጌም እንደሌለ ሲታወቅ 12 ብቻ ተረፉ። አርብ አርብ ከ9 ሰዓት በኋላ በኮምፒውተር ክፍሉ (ላብ) ውስጥ እንገናኛለን፣ መብራት ካለ።

ላቡን ታውቁታላችሁ። 14 ኮምፒውተር፣ ሁሉም ዊንዶውስ 10። ስንት ዓመት ሙሉ የመጣው ሁሉ የፈለገውን ሲጭንባቸውና ሲያራግፍባቸው ኖሯል። ስድስቱ ገና ሲከፈቱ ፋይል ጠፋብኝ የሚል መልእክት ፊታችሁ ይደቅናሉ። አንዱ ልጅ "ቲቸር፣ ፎርማት አድርገናቸው እንገላገል" አለ፤ ሁሉን ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው። ቀላሉ እሱ ነበር። እኔ ግን ችግሩን ፈልጎ ማግኘት የዓመቱ ሥራችን ይሁን አልኩ።

ሬጅስትሪን ያስረዳሁት በቀበሌ መዝገብ ነው። ዊንዶውስ ስለ ራሱም ስለተጫኑበት ፕሮግራሞችም የሚይዘው መዝገብ ነው። ድሮ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ማስታወሻ በትንሽ ፋይል ይይዝ ነበር፣ ከዊንዶውስ 95 ወዲህ ግን አብዛኛው እዚህ ተጠቃሏል። አዲስ ፕሮግራም ሲገባ ይመዘገባል፦ የት እንደሚኖር፣ የትኛውን ዓይነት ፋይል እንደሚከፍት፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ ይነሳ እንደሆነ። ሲወጣ ስሙን አሰርዞ መውጣት ነበረበት። ብዙዎቹ ግን መሸኛ ሳይወስዱ ነው ውልቅ የሚሉት። ቤቱ ባዶ ነው፣ መዝገቡ ላይ ግን ዛሬም ነዋሪ ናቸው።

"ታዲያ ሁሉንም እንሰርዛቸዋ!" ተባለ። ሁለት አርብ ሙሉ በዚህ ተከራከርን። ክርክሩን የዘጋችው አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ እስከዚያ ቀን ድምጿን ሰምቼው አላውቅም። "ቲቸር፣ የጅቡቲው ባቡር ከለገሃር ከቀረ ስንት ጊዜው፤ የታክሲ ረዳቱ ግን ዛሬም ለገሃር እያለ ይጣራል። ማን ተጎዳ?" አለች። በቃ። የሚጎዳው ሻንጣውን ይዞ ባቡር ሊሳፈር ለገሃር የሚሄድ ሰው ብቻ ነው። እኛም የምንፈልገው እሱን ሰውዬ ሆነ፤ ማለትም ዊንዶውስ በአሮጌ ስም ተጠርቶ የሌለ ነገር ፍለጋ የሚንከራተትበትን ቦታ።

የስድስቱ ኮምፒውተሮች ችግር እንዲህ ተገኘ። ሬጅኤዲትን (ሬጅስትሪን የሚያሳየውንና የሚያስተካክለውን የዊንዶውስ ፕሮግራም) ከፍተን ረን የሚባለውን ፎልደር አየን (ትክክለኛ ስሙ ኪይ ነው፣ ልጆቹ ግን ፎልደር ይሉታል፣ እኔም ለመድኩ)። አንዱ ሎካል ማሽን (የኮምፒውተሩ) ሥር ነው፣ ሌላው ከረንት ዩዘር (የተጠቃሚው) ሥር፤ ሁለቱንም ማየት ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚነሱ ብዙ ፕሮግራሞች እዚያ ተጽፈዋል። ፋይሉ በቦታው የሌለውን መስመር አጠፋን፣ መልእክቱ ቀረ። በሌላ ኮምፒውተር ደግሞ ድሮ የተራገፈ ፀረ ቫይረስ ቅሪቱ አዲሱን አላስጭን አለ። እሱን በእጃችን አልነካነውም። የፀረ ቫይረስ አምራቾች ለራሳቸው ምርት የሚያዘጋጁት ማስወገጃ አለ፣ በእሱ ጠረግነው።

"ሬጅስትሪህን በአንድ ክሊክ አጸዳለሁ" የሚሉትን ፕሮግራሞችም ልጆቹ አምጥተው ነበር። አንዱን በተጣለ ኮምፒውተር ሞከርነው። ይህን ያህል መቶ ስህተት አገኘሁ ብሎ በቀይ አስደነገጠን፣ ከዚያ ክፈሉ አለ። ማይክሮሶፍት ራሱ እንዲህ ያሉትን አይደግፍም። ፍጥነቱንም በስልክ ለካነው፤ ከመጽዳቱ በፊትም በኋላም ያው ነው። አንድ የተረሳ መስመር ጥቂት ባይት ነው፣ ኮምፒውተርን አይከብደውም። ልጆቹ ትንሽ አዘኑ።

አሁን ወደ ጥፋቴ። ታኅሣሥ ላይ ይህ መጽሔት የሚዘጋጅበትን ኮምፒውተር እናጽዳ አልኩ። ድሮ ተጭኖበት የነበረ የአማርኛ መጻፊያ ተራግፏል፣ ስሙ ግን በየቦታው ቀርቷል። ስሙን ፈላጊው ላይ ጻፍኩና ኤፍ3 (ቀጣዩን ፈልግ) እየተጫንኩ የመጣውን ሁሉ ድሊት፣ ድሊት። ሬጅኤዲት "መልስልኝ" የሚሉት ነገር የለውም፤ የጠፋ ጠፋ። ይህን ለልጆቹ ያስተማርኩት እኔው ነኝ! ሪስታርት አድርገን የድሮ መጽሔቶቻችንን ፋይል ስንከፍት ገጹ በሙሉ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል። ምክትል ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆመዋል።

የሆነው ይህ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጠው የጋራ ደረጃ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ የአማርኛ ፎንቶች (የፊደል ቅርጽ የያዙ ፋይሎች) በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የእኛን ፊደል ሥዕል የሚያስቀምጡ ነበሩ፣ የድሮ መጽሔቶቻችንም የተተየቡት በእነሱ ነው። ፎንቱ ሲጠፋ ሥዕሉ ይሄዳል፣ ላቲኑ ይገለጣል። እኔ ከሰረዝኳቸው መስመሮች አንዳንዶቹ ፎንትስ በሚለው ክፍል ያሉ የፎንቱ ምዝገባዎች ነበሩ። ስማቸው ከፕሮግራሙ ጋር አንድ ነው እንጂ እነሱ ሥራ ላይ ናቸው። የሟች ስም ስላለበት የሟች ንብረት መስሎኝ።

ያዳነችን ያችው የለገሃር ልጅ ናት። እኔ ስጣደፍ እሷ ቀደም ብላ ፎንትስ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋ ኤክስፖርት ብላ ፍላሿ ላይ አስቀምጣዋለች። ማንም አላዘዛትም። ፋይሉን ሁለቴ ክሊክ አደረግነው፣ እሺ አልነው፣ ሪስታርት። ፊደሉ ተመለሰ። ምክትሉ ምንም ሳይሉ ሄዱ፣ እኔም ምንም አላልኩ።

ከዚያ ወዲህ የክበቡ ሕግ ተለወጠ፦ ኤክስፖርት ያላደረገ አይሰርዝም፣ መምህርም ቢሆን። አንድ ሰው ይሰርዛል፣ ሌላው አጠገቡ ቁጭ ብሎ መስመሩን ጮክ ብሎ ያነባል። ዝግ ያለ ነው፣ ያሰለቻል፣ እስከ ግንቦት ግን አንድም ኮምፒውተር አልተበላሸብንም።

ለከርሞ ሌላ ራስ ምታት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 እንደሚያቆም አስታውቋል። ላባችን ውስጥ ካሉት ስንቶቹ ዊንዶውስ 11 እንደሚችሉ ልጆቹ በክረምት ይፈትሻሉ።

ፍላሹ ግን እስካሁን እኔ ጋ ነው። ልጅቷ በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች። ኮፒ አድርጌ እመልስልሻለሁ እላታለሁ፣ እሷ ደግሞ "ቲቸር፣ መጀመሪያ ኮፒውን አሳየኝ" ትለኛለች።