ሃይድሮጅኑ መጀመሪያ ማሳ ላይ ይዋል፦ ለውኃና ኢነርጂ ሚኒስትር ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የውኃና ኢነርጂ ሚኒስትር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከታዳሽ ኃይል በሚገኝ ሃይድሮጅን ማዳበሪያ የሚያመርት የሙከራ ፋብሪካ እንዲቋቋም ስለመጠየቅ

ክቡር ሚኒስትር፣

የከበረ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ልጅ ነኝ፤ ተምሬ ለወግ የበቃሁት ከጤፍና ከበቆሎ በተገኘ ገንዘብ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ አባቴ አህያውን እየነዳ፣ ባዶ ጆንያ ይዞ ማዳበሪያ ሊቀበል ወረደ። መጋዘኑ በር ላይ ሦስት ቀን አደረ። ዝናብ ሲጥል ጆንያውን ተከናንቦ፣ ሲያባራ መልሶ ተቀምጦበት። በአራተኛው ቀን ግማሽ ኩንታል ዩሪያ ይዞ ተመለሰ። ማሳው ግን ከሁለት ኩንታል በታች አይበቃውም ነበር። እኔ ለክረምት እረፍት እዚያው ነበርኩ። በቆሎው ጉልበት አልፎ የታችኛው ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ ወደ መካከል ቢጫ እየሆነ ሲሄድ ለተማሪዎቼ በሥዕል የማሳየውን የናይትሮጅን እጥረት በገዛ ቤተሰቤ ማሳ ላይ አየሁት። አባቴ ያለኝ አንድ ነገር ነው፦ «ዝናቡስ ከሰማይ በጊዜው ወረደ፤ ማዳበሪያው ከባሕር ማዶ ቀረ።»

በማግስቱ ዓመት ክፍል ውስጥ ውኃን በኤሌክትሪክ የመለየት ሙከራ ስናደርግ ያ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ሙከራው ቀላል ነው። ጥቂት የዳቦ ሶዳ የተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ ሁለት የእርሳስ ውስጠኛ ከሰሎችን አቁመን ባትሪ እናገናኛለን። በአንዱ በኩል አረፋው እጥፍ ሆኖ ይወጣል፤ ሃይድሮጅኑ እሱ ነው። በተገለበጠ ቱቦ አጠራቅመን ክብሪት ስናስጠጋው «ጷ» ይላል፣ ልጆቹም ይስቃሉ። አንዲት ተማሪዬ ግን ሳትስቅ «ቲቸር፣ ይሄ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» አለችኝ። ለእሷ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር። ሙሉውን ለእርስዎ ልጻፍ።

ክቡር ሚኒስትር፣ ሃይድሮጅን ሲነሳ በየመድረኩ ቶሎ የሚወራው ስለ መኪና ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ ወደ አውሮፓ ስለመላክ። በሁለቱም አልስማማም። ከግድብ የወጣ 100 ኪሎዋት ሰዓት በባትሪ በሚሄድ መኪና ጎማው ጋ ሲደርስ 70 ያህሉ ይተርፋል፤ ወደ ሃይድሮጅን ለውጠን መልሰን ኤሌክትሪክ ካደረግነው ግን ከ25 እስከ 30 ቢደርስ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሎ በባትሪ የሚሄዱት መንገዱን እየሞሉት ነው። ያ መንገድ ለእኛ ትክክል ነው፤ ሃይድሮጅን እዚያ ገብቶ የሚጨምረው ነገር የለም። ኃይል ለማጠራቀምም ቢሆን ጀርመን ወይም ጃፓን የሚያስጨንቃቸው ነገር እኛን ያን ያህል አያስጨንቀንም። በበጋ የአዳማ ነፋስ ሲበረታ ተርባይኑ ያመነጫል፣ የግድቡ ውኃ ባለበት ይቆያል፤ የነፋሱ ጉልበት ሲቀንስ ውኃው ይለቀቃል። ባትሪያችን ግድባችን ነው።

ኤሌክትሪክ በቀጥታ ገብቶ ሊሠራው የማይችል ሥራ ግን አለ። የማዳበሪያ ናይትሮጅን የሚገኘው ከአሞኒያ ነው። አሞኒያ የሚሠራው በአየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ከሃይድሮጅን ጋር በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት በማዋሃድ ነው። አየሩ በነጻ ነው፤ አብዛኛው ወጪ ያለው ሃይድሮጅኑ ላይ ነው። ዛሬ ዓለም ይህን ሃይድሮጅን በአብዛኛው የሚያወጣው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ስለሆነ እ.ኤ.አ. በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመርና የጋዝ ዋጋ ሲንር የአባቴ ዩሪያም አብሮ ናረ። አገራችን በዓመት ከ20 ሚሊዮን ኩንታል በላይ ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ እየገዛች ታስገባለች። መርከቡ ጅቡቲ ቢዘገይ ወይም መንገዱ ቢዘጋ የዘር ወቅት አይጠብቅም።

ከውኃ ኃይል ማዳበሪያ መሥራት አዲስ ግኝት አይደለም። ኖርዌይ ሩካን በተባለችው ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፏፏቴ ኃይል ሃይድሮጅን እያወጣች አሞኒያ ትሠራ ነበር። ዚምባብዌ በኩዌኩዌ ከተማ በሚገኘው ሴብል ኬሚካልስ ፋብሪካ ለአሥርት ዓመታት እንዲሁ አድርጋለች። ይበልጥ የሚያስገርመኝ ግን የግብፅ ነው። አስዋን ላይ ኪማ የተባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ከአስዋን ግድብ በሚገኝ ኤሌክትሪክ ውኃን እየለየ የናይትሮጅን ማዳበሪያ ሲያመርት ኖሯል፤ ወደ ተፈጥሮ ጋዝ የዞረው በቅርብ ዓመታት ነው። በዚያ ግድብ ተርባይኖቹን ያሽከረክር የነበረው ውኃ አብዛኛው ከእኛ ደጋ የወረደ ነው። እኛ አፈሩንም ውኃውንም እየሸኘን ማዳበሪያ ስንገዛ ኖርን። አሁን ግን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀ 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጭ ግድብ በእጃችን አለ።

ልኩን ላስረዳ። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ለማውጣት ከ50 እስከ 55 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክና ከ9 ሊትር የማያንስ ንጹህ ውኃ ያስፈልጋል። አንድ ቶን አሞኒያ በጠቅላላው 10 ሜጋዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። 20 ሜጋዋት ብቻ ተመድቦለት ዓመቱን ሙሉ ያለብዙ መቆራረጥ የሚሠራ ፋብሪካ 15 ሺህ ቶን ያህል አሞኒያ ያወጣል። በናይትሮጅን መጠኑ ከ250 ሺህ ኩንታል በላይ ዩሪያ ማለት ነው። የሚጠቀመው ውኃ ከዓባይ ፍሰት አንጻር የማይቆጠር ነው፤ 20 ሜጋዋቱም ከግድቡ አቅም ግማሽ በመቶ አይሞላም። ዳታ ማይኒንግ ለሚባለው የቢትኮይን ሥራ መብራት እየሸጥን መሆናችንን ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ላይ ትንሹ ለማሳ ቢዞር የሚጎዳ ዜጋ አይታየኝም።

«ሕዝቡ ገና መብራት ሳያገኝ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፣ እኔንም ይመለከታል። ከፍተኛው መስመር በእናቴ ጓሮ በላይ አልፎ ሲሄድ እሷ ማታ የምታበራው ኩራዝ ነው። ነገር ግን ለእሷ መብራት ያላደረሰላት የኃይል ማነስ ሳይሆን የትራንስፎርመር፣ የምሰሶና የሽቦ እጦት ነው። ፋብሪካው ይህን እንዳይሻማ አድርጎ ማቀድ ይቻላል። ማዳበሪያው በወቅቱ ከደረሰ ደግሞ እናቴ ሁለቱንም ታገኛለች።

በ2018 መስከረም ጎዴ ላይ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ የመሠረት ድንጋይ መጣሉን በደስታ ሰምቻለሁ። ይሳካ! ያዩ ላይ ተጀምሮ ሳያልቅ የቀረው የማዳበሪያ ፋብሪካ ምን እንደገጠመው ያየ ሰው ይህን የሚመኘው ከልቡ ነው። ነገር ግን የጎዴው ከጋዝ ነው፤ ጋዝ ያልቃል። ከዚያ በላይ አንድ ሌላ ነገር ያሳስበኛል፤ እሱም አፈሩ ነው። የጎጃምና የወለጋ ደጋ ብዙው መሬት አሲዳማ ሆኗል። ዩሪያ በየዓመቱ ሲጨመርበት አሲዳማነቱን ያባብሰዋል፤ ገበሬው ኖራ እንዲጨምር የሚመከረውም ለዚህ ነው። በሌላ በኩል አሞኒያው ወደ ናይትሪክ አሲድ ተለውጦ ከኖራ ድንጋይ ጋር ሲዋሃድ የሚገኘው ካልሲየም ናይትሬት አፈሩን አያኮመጥጥም። የኖራ ድንጋይ ደግሞ ከደጀን ቁልቁል በዓባይ በረሃ ገደል ገደሉን ሞልቶታል። እርግጥ ነው፣ ካልሲየም ናይትሬት በኩንታል የሚይዘው ናይትሮጅን ከዩሪያ አንድ ሦስተኛ ያህል ስለሆነ ማጓጓዣው ይከብዳል፤ በከባድ ዝናብም በቀላሉ ይታጠባል። ስለዚህ ለየትኛው ወረዳ፣ ለየትኛው ሰብል፣ መቼ እንደሚበተን የግብርና ተመራማሪዎቻችን በማሳ ላይ መመርመር አለባቸው። በሙከራ ፋብሪካ እንጀምር የምለው ለዚህ ነው።

የዚምባብዌው ሃይድሮጅን ማምረቻ እ.ኤ.አ. በ2015 ቆሟል። ቴክኖሎጂው አልከዳውም፤ የጎደለው መብራት ነው። አገሪቱ ኃይል ሲያጥራት ማምረቻው ቀድሞ ተዘጋ። ስለዚህ ፋብሪካው ከመሠራቱ በፊት በታወቀ ዋጋ፣ ለረጅም ዓመት የሚጸና የኃይል ውል ያስፈልገዋል። በሌሊትና በክረምት በሚተርፍ ኃይል ብቻ ይሥራ የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን ውኃውን የሚለየው ውድ መሣሪያ ግማሽ ዓመት ሥራ ከፈታ ማዳበሪያው ገበሬው የማይቀምሰው ዋጋ ላይ ይወጣል።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው ይህን ነው። የአገሪቱ የሃይድሮጅን ዕቅድ ሲወጣ የመጀመሪያው ተጠቃሚ የአገር ውስጥ ማዳበሪያ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ፤ ወደ ውጭ መላኩ ቆይቶ ይታይ። ለሙከራው 20 ሜጋዋት ይመደብ፤ ቦታው የኖራ ድንጋይ፣ የኤሌክትሪክ መስመርና የገበሬ ገበያ በሚገናኙበት አካባቢ ይጠና። የጥናቱ ውጤት፣ መልካምም ይሁን መጥፎ፣ በአማርኛም በሌሎች የአገር ቋንቋዎችም ለሕዝብ ይውጣ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በየዓመቱ የኬሚካል መሐንዲሶች ያስመርቃሉ፤ ብዙዎቹ በሙያቸው ሥራ አጥተው ባጃጅ ሲነዱ አግኝቻቸዋለሁ። ይጠሩ፣ ይመጣሉ።

ያቺ ተማሪዬ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። መሥሪያ ቤትዎ መልስ ከሰጠኝ ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የኬሚስትሪ መምህር

ግልባጭ፦
ለግብርና ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል